የሠርፀ ራጅ

መሸሻ የወንድሙን ደረት በመቀስ ሊቆርጥ ሲል ብፅዓት ደረሰችበት። እሑድ ጠዋት ነው፤ የሰኔ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አድሮ ገና ጋብ ማለቱ ነበር። ከጓሮው ቧንቧ ጀሪካኗን ሞልታ ስትመለስ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ሳሎን ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ያንን ትልቅ ጥቁር የራጅ ፊልም ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በየት በኩል ቢጀምር እንደሚሻለው ሲያመዛዝን አገኘችው። ጨርቅ ነጋዴ ስለሆነ ከመቁረጡ በፊት በስንዝር መለካት ልማዱ ነው። አንዴ ከትከሻው ወደ ታች፣ አንዴ ከጎድኑ ወደ ጎን ይሰነዝራል። ፊልሙ የሚኖርበት ቡናማ ፖስታ ከግድግዳው ሚስማር ወርዶ መሬት ላይ ተጥሏል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለችው ጀሪካኑን ሳታስቀምጥ።

«ለዛሬው የፀሐይ ግርዶሽ ነው እትዬ። ከተማው ውስጥ ራጅ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ያለው ሰው እንኳ አላውስም እያለ ነው። ይሄ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ቢቆረጥ ለብዙ ሰው ይበቃል። እዚህ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚቀር ለሰው ቢጠቅም ብዬ ነው።»

ጀሪካኑን አስቀመጠች። ፊልሙን ከጉልበቱ ላይ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችውና ወደ ፖስታው መለሰችው። አልጮኸችም። መሸሻም አልተከራከረም፤ መቀሱን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ወደ ደጅ ወጣ። በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ከሚያዝያ ወዲህ ነገር የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ዕቃ ያስተካክላል።

ያ ፊልም የብፅዓት ምስክሯ ነው። ባሏ ሠርፀ ሚያዝያ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት፣ ሳሉም አላስተኛው ብሎ፣ አንድ ማለዳ አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው። ፊታቸውን የሸፈኑ ነጭ ለባሾች ደግፈው ሲያስወጡት በየመስኮቱ ያየ ጎረቤት ሁሉ፣ ሌላ ምንም ማየት አላስፈለገውም። ሠርፀ ብዙም ሳይሰነብት ሞተ። ምርመራው ኮሮና የለበትም ብሎ ነበር። ሐኪሙም ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰክቶ በጣቱ እየጠቆመ፣ «ልቡ ነው እናቴ። ከልክ በላይ ተልቋል፤ ይኸው ይዩት፣ ደረቱን ሞልቶታል» ብሏት ነበር። ወሬው ግን ሐኪሙን ቀድሞ ሰፈራቸው በከኒሳ ቀሴ ደርሷል። ቀብሩ ላይ የቆሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ድንኳን አልተጣለም፤ ዕድሩ በስልክ አጽናናት። መሰብሰብ ክልክል ነበር፣ እሱ እውነት ነው። ለሌላው ሟች ግን ክልከላው እያለም ጎረቤት በጓሮ በር ሾልኮ ገብቶ ሲያለቅስ፣ ብፅዓት ከአጥሩ ወዲህ ሆና ትሰማ ነበር። የእሷን በር ያንኳኳ የለም። አርባውን ብቻዋን ዋለች። ልጅ አልወለዱም። አንድ ቀን ወተት የምታመጣላት ሴት ደጅ ላይ ቆማ ጣሳውን ስታቀብላት፣ ሮጣ ፊልሙን አምጥታ ወደ ብርሃኑ ዘርግታ፣ «እዪው እስቲ፣ ልቡ እኮ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ኋላዋ አፈገፈገች። ከዚያ ወዲያ ወተቱን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች።

ከሁሉ የከፋባት የሁለት ሰዎች ነገር ነው። አንዱ መሸሻ ነው። ገበያ ወጥታ ሱቁ ደጅ ስትደርስ፣ ከተንጠለጠለው አቡጀዲ ጀርባ ሆና፣ ለደንበኞቹ «እኔ እኮ ወንድሜ ቤት ከረገጥሁ ቆይቻለሁ» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ሠርፀ በሞተበት ሳምንት ሁለት ጊዜ መጥቶ እራት በልቶ ነበር። ሰው ጨርቁን እንዳይፈራበት ብሎ መሆኑ ገብቷታል፤ መግባቱ ግን አላሻላትም። ሁለተኛዋ ድርቤ ናት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለድርቤ የተነገረ ይመስል ነበር። በሁለቱ ግቢ መካከል ካለው አጥር ላይ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር፤ ጨው ሲያልቅ፣ እሳት ሲጠፋ፣ ባል ሲያናድድ የሚገባበትና የሚወጣበት። አምቡላንሱ በመጣ ማግስት ድርቤ ክፍተቱን በአሮጌ ቆርቆሮ ዘጋችው፤ ምስማር ስትመታ ብፅዓት ወዲህ ማዶ ተቀምጣ አደመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቆርቆሮው በስተጀርባ ድምጿን በሰማች ቁጥር፣ «ዓይንሽ ይፍሰስ» ትላለች። «የሁላችሁም ዓይን ይፍሰስ።» ሰው ረግማ የማታውቅ ሴት፣ አሁን እርግማኑ ጠዋትና ማታ ከአፏ አይጠፋም።

ጉድ ነው እንጂ፣ የዛሬዋን ፀሐይ ነገር መንደሩ የሰማው ከሬዲዮ አይደለም፤ ከሠርፀ ነው። ሠርፀ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ቀን ዕቃ ሲያስገባና ሲያስወጣ ውሎ፣ ማታ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ከልብስ ሰፊው ከገለታ ጋር ተቀምጦ ሰማዩን ሲያስገባና ሲያስወጣ ያመሽ ነበር። ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተከራካሪ ነው። ከተማው «ጠፈርተኞቹ» ይላቸዋል። ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድም የለባቸውም፤ አንዱ ቴሌግራም ላይ ያነበበውን ሌላው ዩቲዩብ ላይ ባየው ይሽረዋል። ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ሰው ቢወድቅ ስልኩ ይጠራል ወይስ አይጠራም በሚል ገለታና ሠርፀ ሳምንት ተኳርፈው ያውቃሉ። ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ብፅዓት፣ ጨረቃ እኮ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየራቀችን ነው» ይላታል። እሷ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ «ኪራይ ጨምረውባት ይሆናላ» ትለዋለች። ይስቃል፤ ማግስቱን ሻይ ቤት ሄዶ የሷን ቀልድ የራሱ አድርጎ ያወራል።

ስለዚች ፀሐይ ግን ቀልድ አያውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዕድር ላይም ዳቦ ቤትም ቤተ ክርስቲያን ደጅም፣ «ሰኔ አሥራ አራት ጠዋት እኔ ግቢ ኑ፣ ማንም እንዳይቀር» ሲል ከረመ። ጨረቃ ከፀሐይ ፊት እንደምትቆም፣ ጠርዟ ብቻ እንደ ቀለበት እንደሚቀር፣ እዚህ ነቀምቴ ላይ ቀለበቱ ሳይገጥም ጥቂት እንደሚጎድለው፣ ወደ ምዕራብ ለሄደ ግን እንደሚሞላ ለማንም ይነግራል። ለብፅዓት ደግሞ አንድ ነገር እስኪሰለቻት ደጋግሞላታል። «በራጅ ሲያይ ያገኘሽውን ሰው ቀሚው። ጥቁር ስለሆነ የከለለው ይመስለዋል፤ ጨረሩ ግን አልፎ ይገባል። ዓይን ከውስጥ ሲቃጠል እኮ አያምም። ሰውዬው የሚያውቀው በማግስቱ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው መለየት ሲያቅተው ነው።» እሷ ታዲያ «እሺ፣ እቀማለሁ» ትለዋለች፣ ሰምታውም አልሰማችውም።

ዛሬ ሲነጋጋ ገለታ ደውሎላት ነበር። ቀብሩ ላይ ከቆሙት ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው። ትናንት በጭነት መኪና ተለማምጦ ከዲጋ አልፎ፣ ቀለበቱ ወደሚሞላበት አገር ሄዷል። «አዴ ብፅዓት፣ ሰማዩ እዚህ ጠርቷል። ለሁለታችን አያለሁ» አላት። ለሁለታችን ያለው ለእሱና ለሠርፀ መሆኑ ነው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ ማንም እንደማይመጣ እያወቀች፣ ግቢውን ጠረገች፤ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዛ ሻይ ጣደች። ሰው ጠርቶ የሞተ ባል አሳፋሪ ነገር ነው፤ ግብዣውን ማንሣት አይቻልም፣ ማስተናገድም አይቻልም።

መሸሻ የተመለሰው ሰው አስከትሎ ነው። ለካ ማታውን ሱቁ ደጅ «ራጅ እኔ ጋ አለ» ብሎ ቃል ገብቶ ኖሯል። በሩ ሲንኳኳ ብፅዓት ማመን አቅቷት ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አለ፤ የዕድሩ ጸሐፊ አለ፤ ከላይ ሰፈር የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ፤ ስማቸውን የማታውቃቸው የመሸሻ ደንበኞች አሉ። ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አውርደው፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ዞር ብለው የሚያልፉትን በር እየተጋፉ ገቡ። ግቢው ከፍታ ላይ ስለሆነና ወደ ምሥራቅ ስለሚያዘነብል ለፀሐይ የሚሻል ቦታ የለም፤ ይህንንም የነገራቸው ሠርፀ ነው። ከሁሉም ኋላ ድርቤ ገባች። በአጥሩ ቢሆን አምስት እርምጃ በማይሞላ መንገድ፣ ዞራ በዋናው በር መጣች።

«አካም ቡልቴ፣ ብፅዓት» አለች፣ እንዴት አደርሽ ስትል፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ።

«ነጋ» አለች ብፅዓት፣ ደኅና ለማለት ያህል። ድርቤ ከስታለች። ለመጠየቅ ያህል እንኳ እንዴት ነሽ ልትላት አፏ እምቢ አለ።

በዚህ መሃል መሸሻ ሳሎን ገብቶ ፖስታውን ይዞ ወጣ። «አልቆርጠውም እትዬ። ሙሉውን በየተራ እናያለን» አላት፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለላት ሁሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልትከለክለው አልደፈረችም። ፀሐይ በደመና ተሸፍናለች። ፊልሙ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ፤ ባለ ዳቦ ቤቱ ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ «የት አለች? ምንም አይታይም» አለ፤ ለዕድሩ ጸሐፊ አቀበለው። ብፅዓት በረንዳው ምሰሶ ላይ ተደግፋ ታያለች። ሁለት ወር ሙሉ የለመነችው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ይህን ፊልም ወደ ብርሃን ዘርግቶ እንዲያይላት። አሁን ያ ሁሉ ሰው እየተሻማ ዘረጋው። ግን ፊልሙን የሚያይ የለም፤ ሁሉም አሻግሮ ነው የሚያየው። የሠርፀ ጎድኖች፣ የሠርፀ ሳንባ፣ ያ መከረኛ ልቡ፣ እንደ መስኮት መስታወት ሆነው ነው የተቆጠሩት። እንባዋ መጣና መለሰችው።

ፊልሙ ድርቤ እጅ ሲገባ ደመናው መሳሳት ጀመረ። ብርሃኑ መጀመሪያ የአጥሩን አናት፣ ቀጥሎ የግቢውን ጭቃ ነካው። አንዱ «መጣች፣ መጣች» አለ። ድርቤ ፊልሙን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ፊቷ ከፍ አደረገች።

ብፅዓት ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። አላወቅሁም ብትል ማን ያውቅባታል? ፊልሙን ያመጣችው እሷ አይደለችም፤ እዩበትም አላለችም፤ እንዲያውም ጠዋት ከልክላለች። ለሁለት ወር በቆርቆሮው ማዶ የላከችው እርግማን አሁን በራሱ እግር እየሄደ ነው፤ እሷ ምንም ሳታደርግ። «ትየው» አለች በልቧ። «ጠግባ ትየው።» እንዲህ ስታስብ የተሰማት ደስታ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል፣ ደስታ ነበር። ከዚያ የድርቤን ፊት አየች። ፀሐይዋ በፊልሙ አልፋ ጉንጯ ላይ ጥላ ጥላለች፤ የጎድን አጥንት ጥላ። የሠርፀ ነው። በሠርፀ ደረት ሰው ሊታወር ነው። ያኔ ወሬው ሁሉ እውነት ይሆናል፤ የዚያ ቤት በሽታ ጎረቤት ጨረሰ ይባላል፣ እውነትም ጨርሷል። በሕይወቱ ዝንብ ያልጎዳውን ሰው ከሞተ በኋላ ጎጂ የምታደርገው እሷ ናት።

ከበረንዳው ወርዳ ፊልሙን ከድርቤ ፊት መነጨቀችው። «አትዪ። ዓይን ያጠፋል» አለች።

ሰው ተንጫጫ። የዕድሩ ጸሐፊ «ኧረ አገር ምድሩ በዚህ ነው የሚያየው» አለ። አንደኛዋ የመሸሻ ደንበኛ ወደ ጓደኛዋ ዘንበል ብላ «ቂም ነው» ስትል ብፅዓት ሰማች። ፀሐይዋ ብቅ ካለች የሚታገሥ የለምና ከመሸሻ ደንበኞች ሁለት ወጣቶች እጃቸውን እየዘረጉ ቀረቧት።

«እትዬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለ መሸሻ፤ የፊልሙን አንድ ጫፍ ያዘ። «ለሰው አንድ ነገር ስንጠቅም ነው የሚከፋሽ?»

እንዳታስረዳ ጊዜ የለም፣ የሚያምናትም የለም። የሚያምኗት ቢሆን ኖሮ ድሮ ያምኗት ነበር። ቤት ብትደብቀው መሸሻ ፖስታው የት እንደሚንጠለጠል ያውቃል። ጫፉን ከእጁ አስለቅቃ ወደ በረንዳው ተመለሰች፤ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ላይ አወረደች፤ ፊልሙን ከሰሉ ላይ አስተኛችው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ከመሃሉ ተኮማተረ፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ፤ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጥቁር ጭስ ወጣው። የተዘረጉት እጆች ወረዱ። ለቂም ብሎ የባሉን የመጨረሻ ምስል የሚያቃጥል ሰው እንደሌለ፣ ለማንም ሳይነገር ለሁሉም የገባ ይመስላል።

«ኑ» አለች፤ ድምጿ ሻክሯል። «ወደ ላይ አታንጋጡ። ማንጎው ሥር ኑ።»

ተከተሏት። አሮጌው ማንጎ ከግቢው ጥግ ቆሟል፤ ፀሐይዋ በቅጠሉ መሃል ሾልካ መሬቱ ላይ ትረጫለች። ማንም ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያየው ያ የጥላና የብርሃን ጠብታ ነው፤ ዛሬ ግን ጠብታው ክብ አልነበረም። እያንዳንዱ እንደ ማጭድ ጎብጧል። መሬቱ በትናንሽ ጨረቃዎች ተሞልቷል፤ ረዘም ያሉ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የዞሩ፣ ነፋስ ቅጠሉን ሲነካው አብረው የሚርገበገቡ። «እያንዳንዷ ቀዳዳ የፀሐይዋን መልክ ታወርዳለች» አለች ብፅዓት። ቃሉ የሠርፀ ነው፤ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ እንደያዘችው አታውቅም ነበር። የቅጠል ቀዳዳ፣ የዓይን ብሌን፣ የቆርቆሮ ሽንቁር፣ ሁሉንም አስረዳቻቸው፤ እሱ በስልክ ለገለታ ሲያስረዳ ሽንኩርት እየከተፈች የሰማችውን ሁሉ። ጨረቃዎቹ እየቀጠኑ፣ የተቆረጠ ጥፍር እያከሉ ሄዱ። ብርሃኑ ደከመ፤ ብርድ ብርድ አላቸው። ከታች ሰፈር ዶሮ ጮኸ።

ቀና ስትል ሰዎቹን አየች። ያ ሁሉ ሰው፣ ወንዱ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሴቱ ነጠላውን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ በሠርፀ ግቢ ቆሟል። ሠርፀ ከሞተ ጀምሮ በዚህ ግቢ እንዲህ የቆመ ሰው አልነበረም። የማንጎውን ግንድ ያዘች።

ድርቤ አጠገቧ መጥታ ቆማ ነበር። «ያ ብፅዓት» ብላ ጠራቻት ቀስ አድርጋ፣ እየለመነቻት። «ማሎ፣ ኦቦ ሠርፀን የገደለው ምን ነበር?»

ሁለት ወር ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ያውቀው ነበራ። ብፅዓት እንደ ልማዷ ወደ ቤት ልትሮጥ አንድ እርምጃ ተንቀሳቀሰችና ቆመች። የምታመጣው ነገር የለም። በረንዳው ላይ ጭሱ እንኳ አልቋል።

«ልቡ ነው» አለች። «ልቡ ከልክ በላይ ተልቆ ነው። ይህን ያህል…» ብላ ሁለት እጆቿን ከደረቷ ፊት ገጠመች፤ ጥቂት ከፈት አደረገቻቸው፤ አሁንም ከፈት አደረገቻቸው። መጠኑ ጠፋባት። በየቀኑ እያወረደች ስታየው የከረመችውን፣ ዓይኗን ጨፍና የምታውቀው የመሰላትን፣ ምን ያህል እንደነበር ማሳየት አቃታት። እጆቿ በአየር ላይ እንደተዘረጉ ማልቀስ ጀመረች፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ዓይነት፣ ሰው እየሰማ የሚለቀስ ልቅሶ።

ድርቤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ዋዮ ኦቦ ሠርፀ ኮ» ብላ፣ ወዮ አቶ ሠርፀዬ እያለች ረጠብ ባለው መሬት ላይ፣ በጨረቃዎቹ መሃል ተቀመጠች። ከላይ ሰፈር የመጡት ባልና ሚስት እርስ በርስ ተያዩና ተቀመጡ። ባለ ዳቦ ቤቱ ተቀመጠ፤ የዕድሩ ጸሐፊ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ብርሃኑ ቀስ በቀስ ሲመለስ መሬቱን የሚያይ ሰው አልነበረም፤ የመሸሻ ደንበኞችም ሠርፀን ሳያውቁት ተቀመጡ። መሸሻ ብቻ በረንዳው ሥር እንደቆመ ቀረ። የሟች ወንድም ነውና ቦታው ከብፅዓት ጎን ሆኖ ለቀስተኛውን መቀበል ነበር፤ እንዲያ እንዳያደርግ ለስንቱ ሰው ወንድሙ ቤት ከረገጠ መቆየቱን ነግሯል፤ እነሱም ይኸው ተቀምጠው ያዩታል። ከለቀስተኛው ጋር እንዳይቀመጥ ደግሞ ወንድም ነው። ብፅዓት በእንባዋ መሃል አየችው። ናም አላለችው፣ ሂድም አላለችው።